ከዚህ የባሰ ይወርድ ነበር

ጃንዋሪ 18
ጥፋተኛው ኤራስሞ ነው። የእህቴ ልጅ። ሌላ ማንንም አልከስም።
ዛሬ ሙቀት ብቻ። ወይኑን አጠጣሁ፤ ፍሬው መጥቆር ጀምሯል። አምና ይሄኔ በረዶ ሲጨርሰው፣ ደመናውን ሊያከሽፍ አውሮፕላን ይዞ የወጣው ኤራስሞ ነበር። ማክሸፍ ይሉሃል ይሄ! ዘንድሮም ከጠፋ መሬቱን እሸጣለሁ። ሌላ ምን መላ አለኝ?
ማንበብና መጻፍ ያስተማረችኝ መምህርት በየጊዜው ካልጻፍሽ እጅሽ ይረሳል ብላኛለች። በስልሳ ዓመቱ ፊደል የለየ እጅ... እንግዲህ ንዴቴን ልጻፍበት።

ጃንዋሪ 21
እሁድ። ኤራስሞ ከሜንዶዛ ከተማ መጣ። ማቴ፣ የቅጠል ሻያችንን፣ ቀዳሁለት። እዚያ ላይ ምን እንደምትሠሩ ንገረኝ አልኩት። ደመናው ውስጥ የብር ማዕድን ያለበት ጭስ እንለቃለን አለ። ለምን? በረዶው እንዲበዛ።
"እንዲበዛ?"
"አዎ፣ አክስቴ። ሲበዛ ውሃውን ይሻማል፣ ሁሉም ትንንሽ ሆኖ ይቀራል። እንቁላል የሚያህለው ጥቂት ሲሆን ነው።"
በረዶ ለማጥፋት በረዶ መጨመር... ለዚህ ነው ወይን እየለቀምኩ ያስተማርኩት?

ጃንዋሪ 22
ያለው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። እላይ ያለው ውሃ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ቶሎ አይረጋም አለ፣ የሚይዘው ብናኝ ካላገኘ። ጭሳቸውን ሲያገኝ ይረጋል። አንዳንዷ ጠብታ ደግሞ ስትረጋ ትፈነዳለች፤ ስብርባሪዋ ሌላውን ያረጋል፣ ያም ሌላውን... እንዲህ እያለ ይራባል።
የወይን ሽሮፕ ማለት እኮ ነው። ድስቱ ደህና ተቀምጦ፣ አንዲት የስኳር ፍሬ ስትገባበት ሁሉም ስኳር ሆኖ ያድራል። ስንቱን ድስት ደፍቻለሁ።
ስለገባኝ ተናደድኩ።

ጃንዋሪ 29
ከተራራው በኩል ጠቆረ። ዶን ሲክስቶ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤቴ፣ ቆቡን አውልቆ መጣ። "ዶኛ ዴልፊና፣ ደመናውን ቁረጪልን።"
እናቴ እንዳሳየችኝ ግቢው ላይ በጨው መስቀል ሠራሁ። መጥረቢያውን ስለቱን ወደ ደመናው አዙሬ መሬት ላይ ተከልኩት። እዚህ ሰፈር ደመና የሚቆርጥ ከእኔ ሌላ አልቀረም። የኤራስሞ አውሮፕላን ከላይ ያጓራል። እሱ በጭሱ፣ እኔ በመጥረቢያዬ።
በረዶው ወረደ።

ጃንዋሪ 30
ግማሹ ፍሬ መሬት ላይ ነው። ቅጠሉ ተበጣጥሷል።
ኤራስሞ መጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ወይኑ መሃል ቆመ።
"እኛ ባንወጣ ከዚህ የባሰ ይወርድ ነበር፣ አክስቴ።"
"በምን አወቅህ?"
ከመሬት አንድ ዘለላ አንስቶ አገላበጠ። "አይታወቅም" አለኝ በመጨረሻ። "ያው ደመና ተመልሶ አይመጣ። ሳንነካው ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር ማን አየ?"
ሂድልኝ አልኩት። ውሃ እንኳ አላቀመስኩትም።

ፌብሩዋሪ 2
ዳቦ ቤት። ሰው ሞልቷል። ዶን ሲክስቶ ጀመረኝ። መጥረቢያሽ ደንዟል መሰለኝ፣ ወይስ በጨው ፈንታ ስኳር ነሰነስሽ? ሳቁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቀር።
አፌ ቀደመኝ። "ባልተክለው ኖሮ ከዚህ የባሰ ይወርድ ነበር" አልኩ።
የራሴን ድምፅ ሰማሁት... ቃል በቃል የኤራስሞ።
በምን አወቅሽ ቢለኝ ምን ነበረበት? ራሱን ነቀነቀና "እሱስ ልክ ነሽ" አለኝ። ከሳቁ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ዶሮና አይብ ይዘው እየመጡ ሲያመሰግኑኝ... የትኛውን ደመና ቆርጫለሁ? አንዱን እንኳ?

ፌብሩዋሪ 6
የታችኛውን የወይን መሬት ለሽያጭ አቀረብኩ። የላይኛው ለጊዜው ይቆያል።
ኤራስሞን ይቅር አላልኩትም። እሁድ ይምጣ ብዬ ግን ልኬበታለሁ። ቢያንስ አላውቅም ብሏል፤ እኔ ያንን እንኳ ብዬ አላውቅም።
ከሰዓት ደግሞ ጠቆረ። ዶን ሲክስቶ ከአጥሩ ማዶ ሲጠራኝ ሰማሁ። መጥረቢያው ማገዶ ቤት ነው፤ እንጨት ይፈለጥበታል።
ከእንግዲህ ለማንም ደመና አልቆርጥም።