ከአንገቴ ላይ የወረደው ድንጋይ

ይድረስ ለአያ ተገኘ፣

የገደለህ ወንድምህ ዓለሙ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የተናገርኩት ይህንን ነው፤ ለቅሶ ለደረሰኝ፣ ገበያ ላይ ላገኘኝ፣ ሳይጠይቀኝ ሊያልፍ ለፈለገውም ጭምር። ዛሬ በእጄ የምጽፍልህ ግን እውነቱን ነው። ሳልጨርስ ፊትህን እንዳታዞርብኝ።

አዎ፣ በእጄ። ከተለየኸኝ ወዲህ ልጃችን የሺ ጎንደር ወስዳኝ ማራኪ ሰፈር ከእሷ ጋር ነው የምኖረው። ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሴቶች ፊደል ያስተምራሉ፤ በስድሳ ሁለት ዓመቴ ሀ ሁ ብዬ ጀመርኩ። አንተ ብታይ ኖሮ “ምላስሽ አልበቃ ብሎ ደግሞ በብዕር?” ብለህ ትስቅ ነበር። እርሻችንን ጎረቤታችን በሪሁን በእኩል ያርሰዋል። ላሚቱ ሁለት ወልዳለች። የቤቱ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ እሱን አንተም ሳለህ ያፈስ ነበር።

ያን ዕለት ማለዳ ሕመሙ ሲጠናብህ፣ ሰው እንዲጠራ በሪሁንን ላክሁት። የአገራችንን ወግ ታውቀዋለህ፤ በሽተኛ ወደ መኪና መንገድ ሲወርድ ከየቤቱ ትከሻ ይወጣል፣ የተኳረፈ ሰው እንኳ ለቃሬዛ ከተጠራ አይቀርም። እኔ ግን በሪሁንን ከደጃፍ መልሼ “ከዓለሙ ቤት እንዳትደርስ” አልኩት። አንተና እሱ በተጣላችሁባት በዚያች የሣር መሬት ድንበር አንጀቴ እንዳረረ ነበር። የእሱና የሁለት ልጆቹ፣ ሦስት ጠንካራ ትከሻ ቀረ። ሌላው ሰው ማለዳ ገበያ ወርዶ ስለነበር የተገኙት አራት ሰዎች ብቻ ተሸከሙህ፤ የሚቀይራቸው አልነበረም። ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ አሳረፉህ! በአንዱ ማረፊያ ቀና ብለህ “ዓለሙስ?” አልከኝ። “ተጠርቶ ቀረ” አልኩህ። ዓይንህን ጨፈንክ፤ እጄን ግን አልለቀቅክም። የመኪናው መንገድ ከታች እየታየን አለፍክ።

ዓለሙ በቀብርህ ላይ ብቻውን ቆመ። ሰው ሰላምታ ነፈገው፤ በማኅበር እንኳ ከጎኑ የሚቀመጥ ጠፋ። እኔም እውነቱን አላወጣሁም። ይልቅስ መስገድ ጀመርኩ። የነፍስ አባቴ ንስሐዬን ሰምተው አርባ ሲሉኝ መቶ ሰገድኩ፤ ጾም ባልሆነ ቀን ጾምኩ። ለቁርባን ሰው ሲጠራ ግን ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ጥቂት ልጨምርና ከዚያ እቀርባለሁ እል ነበር። ጉልበቴ አብጦ ሲያዩኝ የነፍስ አባቴ ተቆጡ። “አንቺ ሴትዮ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ገበያ ወጣሽ እንዴ? ቀኖና የሰጠሁሽ ልብሽ እንዲመለስ ነው። ምሕረቱን ልትገዢው አትችይም፤ የሚገዛ ቢሆን ጸጋ ባልተባለ። ይልቅ ሂጂና የበደልሽውን ሰው ታረቂ።”

ይህን ስሰማ ከመስገዱ ይልቅ መሄዱ ከበደኝ። ቢሆንም ሄድኩ። ዳባት ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ። ሽማግሌ አልያዝኩም፤ ምን ብዬ እልካቸዋለሁ? ከዓለሙ ቤት በታች ካለው ወንዝ ድንጋይ አንሥቼ እንደ ደንቡ አንገቴ ላይ ጫንኩ። የተበደለ ሰው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ደጅ ያስጠናል። ቢቻል እስኪመሽ ቢያቆመኝ፣ ቢሰድበኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበርና።

ከበረቱ ደጅ አየኝና በትሩን ጥሎ መጣ። አፌን ሳልከፍት ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደልኝ።

“ምነው እቴ! ያንን ዳገት ይህን ተሸክመሽ? ደግሞ ትልቁን መርጠሽ! ይሁን፣ ለበረቴ አጥር ይሆነኛል።”

“ልናገር እንጂ!” አልኩት፤ ተናደድኩ።

“አውቀዋለሁ። በሪሁን በቀብሩ ሳምንት ነግሮኛል።”

“ታዲያ ገዳይ እያልኩህ ምነው ዝም አልክ?”

“ወንድሜን የቀበርሽ ሴት ነሽ። እኔ ደግሞ አንቺን በሰው ፊት ላዋርድ?”

ከዚያም፣ አያ ተገኘ፣ ከእኔ የደበቅከውን ነገረኝ። የድንበሩን ነገር ከመታመምህ በፊት አውድማ ላይ ሁለታችሁ ጨርሳችሁት ኖሯል፤ ለእኔ ያልነገርከኝ ምላሴን ፈርተህ ነው። ዓለሙ ተጠርቶ እንደማይቀር ታውቅ ነበር ማለት ነው። መዋሸቴን እያወቅህ እጄን ያዝክ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ዓለሙም ሊያነሣኝ አልቸኮለም። ለካ ወንድሙን ጠልቶ ሞተ ብዬ ስቃጠል፣ አንተ እኔንም ሳትጠላ ነው የሄድከው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙብኝ፤ መብታቸው ነው። ዓለሙን ግን ሽማግሌዎቹ እየተነሡ በትከሻ ሳሙት። ስንት ዓመት ያልተኛሁትን እንቅልፍ በጠራራ ፀሐይ፣ ከእሱ ቤት መደብ ላይ ተኛሁ። ትከሻዬ የእኔ አልመስል አለኝ፤ እንዲያ ቀለለኝ።

አሁንም ምላሴ ያው ነው፤ የሺን ጠይቃት። አንተንም በየጸሎቴ እጠራሃለሁ፣ ያን የያዝከኝን እጅ እስክሞት አልረሳውም። እሰግዳለሁም፤ ጉልበቴ የቻለውን ያህል፣ ለምስጋና። የቁርባኑ በር ሲከፈት ግን ከእንግዲህ “ገና አልበቃሁም” ብዬ ወደ ቤቴ አልመለስም።

ባለቤትህ እናኑ