ከሰባ ምት ወደ መቶ ሃያ

ጥር 11

ዛሬም ሠርግ። ያው አዳራሽ፣ ያው ጠባብ መድረክ፣ ያው ሶኬቱ የላላ ግድግዳ። ሞንታርቦውን ከመኪና ያወረድኩት እኔ፣ ገመዱን የዘረጋሁት እኔ። ወንድሜ ሸሚዙ እንዳይጨማደድ ቆሞ ተመለከተኝ።

ሙሽሮቹ ለመግቢያ የመረጡት ዘፈን ቀርፋፋ ነው፤ በደቂቃ ሰባ ምት ቢሆን ነው። ቀጥሎ የሙሽራው ጓደኞች ያዘዙት የጭፈራ ዘፈን አለ፣ መቶ ሃያ። ከዚያ ወደዚህ ዝም ብሎ ከተዘለለ ሰው እግሩ ይጠፋዋል። ግማሹ ቆሞ ይቀራል፣ ግማሹ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። «መሰላሌን» አስገባሁ፣ ቀስ በቀስ የሚፈጥን ከበሮ። ሰዉ ሳያውቀው ወጣ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲወዛወዙ ነበር፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ እየዘለሉ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ወንድሜ ከፊት ማይክ ይዞ «እጅ ወደ ላይ» ይላል። እኔ ከኋላ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ። የሙሽራዋ አጎት መጥተው ወንድሜን ግንባሩን ሳሙት፣ እጅህ ይባረክ አሉት። እጁ? እጁ ላይ ያለው ማይክ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ባዶ ጠርሙስ አቀበሉኝ። አስተናጋጅ መስያቸው ነው። ተቀበልኳቸው… ምን ላድርግ?

ጥር 13

እማ ልብስ ስትተኩስ፣ እኔ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አዲስ መሰላል ስሠራ ዋልኩ። «መሰላል» የምለው እኔው ነኝ። ዘፈን አይደለም፣ ከበሮ ብቻ ነው። ቀርፋፋው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ዘፋኙን አወጣና ከበሮውን አስቀረዋለሁ። እሱን እየደጋገምኩ በየዙሩ ሁለት ሦስት ምት እጨምራለሁ፣ ጆሮ ሳይነቃ። ልኩ ላይ ስደርስ የፈጣኑን ዘፈን ከበሮ ከሥር አስገባለሁ፤ ድምፃዊው ኋላ ይመጣል። አለቀ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ለአንዱ ግን ሙሉ ቀን ይሄዳል። አንዷ ምት ከቀደመች፣ ሁለት ሰው ጠባብ ደረጃ ላይ ሲጋጭ ማለት ነው።

ዘፋኙን ለምን እንደማወጣው እማ ጠየቀችኝ። አሰማኋት። የአንድ ጎርናና ሽማግሌ ድምፅ አፈጠንኩላት፣ እንደ ጨቅላ ጮኸ። ካውያውን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው…

ከዚያ፣ ጨዋታሽን ስትጨርሺ ጠረጴዛውን አጽጂው አለችኝ።

ጨዋታ።

ጥር 20

ወንድሜ በሩን በርግዶ ገባ። ሐይቁ ዳር አዲስ መዝናኛ ቤት ሊከፈት ነው። ባለቤቱ ያን ሠርግ ላይ አይቶት ቋሚ ዲጄ ሊያደርገው ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት። እማ እልል አለች። እኔም አቀፍኩት። ከልቤ ነው ያቀፍኩት፣ ይሄ ይጻፍልኝ።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንቺማ ከኔ ጋር ነሽ እቴቴ። ያለ አንቺ ምን አለኝ?»

እቴቴ ሲለኝ ይጨንቀኛል። የሚለኝ ሲፈልገኝ ነው። እንደጠረጠርኩት ቀጥሎ መጣ፦ የሠራኋቸውን መሰላሎች በሙሉ አንድ ፍላሽ ላይ አድርጌ እንድሰጠው። እኔን መውሰድ አይችልም፣ መድረኩ ለሁለት ሰው አይበቃም። ገና ያልተሠራ መድረክ እኮ ነው።

ታዲያ አብሬው የምሆነው እንዴት ነው? ፍላሹ ውስጥ ተቀምጬ?

ጥር 26

ሬዲዮ ላይ ቀረበ። «ዲጄ መብረቅ።» ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ፣ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። በልጅነቱ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር የኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር የሚገባው… መብረቅ።

እማ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፈተችው። ጎረቤት ይስማ ብላ መስኮቱንም። ጠያቂዋ፣ ከቀርፋፋ ዘፈን ወደ ፈጣን ስትሻገር ሰው አይነቃም ይባላል፣ ምስጢሩ ምንድን ነው አለችው። ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ሲጽፍላት በዓይኔ አይቻለሁ።

«ተሰጥኦ ነው» አለ። «ጆሮዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምት ይሰማኛል።»

ይሰማዋል አሉ። ጠረጴዛ በጣቴ እየመታሁ አንድ ሁለት ሦስት አራት ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። አራት ላይ ሁሌ ይቸኩል ነበር። አሁንም ይቸኩላል።

ስለ እኔ አንዲት ቃል የለም። እህቴ ታግዘኛለች እንኳ አላለም። ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?

እማን አየኋት። «ረስቶት ነው እንጂ» አለችኝ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም ነበር። ሳልጠይቃት መመለሷ ነው የበላኝ።

የካቲት 3

ተጣላን። ለየለት።

ማስታወቂያውን ጠቅልሎ ይዞ መጣ። የራሱ ፎቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ እጁን የድምፅ መቀላቀያው ሚክሰር ላይ ጭኖ። ሚክሰሩ የኔ ነው። ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ። ከሥር በትንሹ ስሜን አስገባ አልኩት፣ ትንሽ ትሁን፣ ጉንዳን ታክል። ታትሟል አለ። ድጋሚ ይታተማ አልኩት። ሁለት ስም ሰው አይስብም አለኝ።

«እንግዲያው መሰላሎቹን አልሰጥህም» አልኩት። «ተሰጥኦ አለህ አይደል? በጆሮህ ውጣ።»

ሳቀ። ያን ኮተት ማን ይፈልገዋል አለ፤ አሁን ማሽኑ ራሱ የሁለቱን ዘፈን ፍጥነት ያመሳስላል፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። ኮተት። እሱ ኮተት ያለው የኔ ዕድሜ ነው እኮ።

እማ መሃላችን ገባች። መሃላችን እንኳ አይባልም፣ በሱ በኩል ነው የገባችው። «ታላቅ አይደለሽ? ቻል አድርጊው። እሱ ስም ሲያወጣ ላንቺም አይደል እንዴ?» ታላቅነቴ ትዝ የሚላቸው የምችለው ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ሳህን ላይ ሥጋ ሲወጣ ታላቅ እሱ ነው።

የካቲት 4

አልሰጠሁትም። ቅዳሜ የሐይቁ ዳር ቤት መክፈቻ ነው፣ ይታያል።

የካቲት 8

ሄድኩ። ሲወድቅ ለማየት ነው የሄድኩት። ራሴን ለምን እዋሻለሁ?

ጠራራ ፀሐይ። የላስቲክ ወንበር፣ ገና ያልደረቀ ቀለም የሚሸት ግድግዳ፣ ከጀርባው ሐይቁ። መድረኩ ሦስት ሰው ያስተኛል።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደለት። ተቀራራቢ ፍጥነት ያላቸውን ዘፈኖች አከታትሎ ደርድሯቸዋል፣ እሱን ማንም ይችላል። ከዚያ የመዝናኛ ቤቱ ባለቤት ለሚስቱ አንድ የፍቅር ዘፈን አዘዘ። ሰባ ምት። ጥንዶች ተቃቀፉ። እኔ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። አሁን ከዚህ እንዴት ይወጣል?

ቁልፏን ተጫነ። ማሽን ደግሞ ቀርፋፋ ዘፈን ሲሰማ እጥፍ አድርጎ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። ሰባውን መቶ አርባ ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሰው ካላረመው ያው ነው። አላረመውም። ማረም እንዳለበት በምን ያውቃል? ሁሌም የማርመው እኔ ነበርኩ። ማሽኑም የመቶ ሃያውን ዘፈን እየጎተተ ወደ መቶ አርባ ወሰደው። ዘፋኙ እንደ ጫጩት ተንጫጫ። አንዱ ከበሮ በሌላው ላይ ተንኮታኮተ። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። ቀና ብሎ ሕዝቡ ውስጥ ፈለገኝ፣ አየሁት ሲፈልገኝ።

ደስ አለኝ? አዎ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ሮጬ መድረኩ ላይ ልወጣለት ዳዳኝ። እግሬ ተነስቶ ነበር…

እሱ ግን ሁሉንም ቆረጠው። ጭጭ። የሐይቁ ውሃ ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። ማይኩን አነሳና «የት ናችሁ?» ብሎ ጮኸ።

ሕዝቡ አበደ። ፉጨት፣ ጩኸት፣ ወንበር ላይ ወጡ። አዲሱን ዘፈን ከመጀመሪያው ለቀቀው፣ ምድር ቀውጢ ሆነ። በኔ መሰላል እንዲህ ሲጨፍሩ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ የቆመች ልጅ ክንዴን ይዛ፣ ዝም ሲል ልቤ ልትወጣ ነበር፣ እንዴት ቢችልበት ነው አለችኝ። ለእኔ ነው እኮ የምትነግረኝ።

ያን ሁሉ ስህተት ማንም አልሰማውም። ያ ሁሉ ቀን ጠረጴዛ ላይ፣ ያ ሁሉ ምት… ለማን ነበር የምሠራው?

ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ። «አየሽ?» አለኝ።

የካቲት 9

እማ ጎረቤቱን ሁሉ ዞራ አወራች። እኔ ተኝቼ ዋልኩ።

የካቲት 21

ሞንታርቦ የምናከራይበት የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ቀጭን ሴት ገባች። ከሰፈራችን ሱቆች በላይ ባለው ፎቅ ላይ ጠዋት ጠዋት ሴቶችን ስፖርት የምታሠራ ናት። ሞንታርቦ ትፈልጋለች፣ ሙዚቃም ጭምር። በዝግታ የሚጀምር፣ ወደ ሩጫ የሚሄድ፣ መጨረሻ ላይ መልሶ የሚያቀዘቅዝ። ዲጄው የለም ወይ አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ጥሩ፣ ሰኞ አምጪልኝ አለች።

መሰላል ሳላስገባ ዘፈኖቹን ቆርጬ ቀጣጠልኩላት። መሃል ላይ ጸጥታ፣ እንደ ዲጄ መብረቅ። ሰው የሚወደው ይሄን አይደል? ማን ሊሰማው?

የካቲት 24

ተሰማ።

ሞንታርቦውን አስገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሴቶቹ አጠር ያለች የእንጨት ሳጥን ላይ እየወጡ እየወረዱ ነው፣ አንዳንዶቹ እናቴን ያክላሉ። ቀርፋፋው ዘፈን ተቆረጠ፣ ጸጥ አለ፣ ፈጣኑ ገባ። ረድፉ በሙሉ ተመሰቃቀለ። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ፣ ሁለቱ በትከሻ ተጋጩ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሳጥናቸውን ስተው ሊወድቁ ሲሉ የመስኮቱን ፍርግርግ ያዙ።

አሰልጣኟ እጇን አነሳች። «ቆይ ቆይ… ምን ሆነሽ ነው? እግራችንን እኮ ነጠቅሽን።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ ቢሰበሩ ኖሮስ? ለንዴቴ ስል… ግን ደረጃውን ስወርድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ የጣመኝ ስድብ የለም።

መጋቢት 2

አሰልጣኟ መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዝ ትፈልጋለች፤ ቁልቁል የሚወርድ መሰላል ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ጭፈራ ላይ ማን ይወርዳል? መብራት ይበራና ሰው ይበተናል። መውረዱ ይከብዳል ለካ። ሰው ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ሲያቀዘቅዙት ግን የተቀማ ይመስለዋል። ሦስቴ አፈረስኩት። በመጨረሻ ፍጥነቱን ሳልነካ ከየሁለቱ ምት አንዱን ማውጣት ጀመርኩ። እግር መጀመሪያ ይረፍ፣ ፍጥነቱ ኋላ ይወርዳል። ሆነልኝ።

ወንድሜ ገባ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ ሰማ። «ለኔ ነው?» አለ። አይደለም አልኩት። ዞሮ ወጣ። ያችን ጸጥታ አሁን በየቅዳሜው ይደግማታል አሉ። ይወዱለታል። ሚክሰሬን ግን ከመኪናው አውርጃለሁ፣ ሌላ ይፈልግ።

መጋቢት 11

ሐኪሙ እማን ጉልበትሽን አንቀሳቅሺው ስላላት ወደ ስፖርቱ ይዣት ሄድኩ። አልሄድም ብላ ስንት ነገር አለች፤ ዕድሜዬ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ጫማ የለኝም። የወንድሜን አሮጌ ሸራ ጫማ አጥልቃ ከኋላ ረድፍ ቆመች።

እኔ የሷን እግር ብቻ ነበር የማየው። ዝግ ብላ ጀመረች። መሰላሉ ገባ። ወጣች… ወጣች… አንዲት እርምጃ አልሳተችም። ልትሮጥ ምንም አልቀራትም፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም፣ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር እያወራች ነው። ከዚያ አወረድኳት፣ ቀስ አድርጌ። ስትወርድም አላወቀችም። ለሙሽራና ለሰካራም ስሠራ የኖርኩትን፣ ዛሬ ለእናቴ ጉልበት ሠራሁት።

ቤት ገብተን ጉልበቷን በቅባት አሸሁላት። ምንም አልደከመኝም አለች። መሮጤን እንኳ ያወቅሁት ስንጨርስ ነው፣ ያቺ አሰልጣኝ ግሩም ልጅ ናት አለች።

«እኔ ነኝ እማ።»

«ምኑ ነው አንቺ?»

አስረዳኋት። እዚያው ጉልበቷ ላይ በጣቴ እየመታሁ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ። የእግሯ ጣቶች ከጣቴ ጋር መነቃነቅ ጀመሩ። ወደ ታች አየቻቸው። የገዛ እግሯ ነገራት።

«እና የሱም… ይሄ ነበር?»

«የሱም ይሄ ነበር።»

ጠበቅኩ። ምን እንደጠበቅኩ አውቃለሁ። ትልቅ ነገር አልነበረም፣ አንዲት «አይ ልጄ» ትበቃኝ ነበር።

«ለሰው እንዳትነግሪ ታዲያ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የወንድምሽ እንጀራ ነው።»

አሁን አውቃ ነው እንግዲህ። እስከ ዛሬ ሳታውቅ ነበር የፈረደችብኝ፣ እሱን ችዬው ኖሬያለሁ። አውቃ ስትፈርድብኝ እንዲህ እንደሚያቃጥል ማን ነገረኝ?

አልጮህኩም። ሌላኛውን ጉልበቷን አሽቼ ጨረስኩ። እናቴ ናት፣ ምን ላድርጋት። የቅባቱን ክዳን ገጠምኩ፣ እጄን ታጥቤ ተመለስኩ።

«ነግሬያለሁ» አልኳት። «አሰልጣኟ ስፖርቱ ክፍል በር ላይ፣ ሙዚቃውን የሠራችው ብላ ስሜን ጽፋዋለች። ነገ መነጽርሽን ይዘሽ ነይ።»