ገጽ አርባ አንድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለሚጡዬ፣ ለትንሿ እህቴ፤

ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ምን ታደርጊ ይሆን እያልኩ ነው የምጽፈው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን መስማት አልፈለግሽም፤ ደብዳቤዬን ብትቀድጂው አልፈርድብሽም። ቅደጂው፤ ግን አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ይሁን።

ደህና ነኝ ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ዓይኔም መነጽሩን ከቀየርኩ ወዲህ ምንም አይል። ጭንቅላቴ ነው፣ ሚጡ። ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ከኔ አፍ ሰምተሽ አታውቂም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያ ጥቁር ውሻ ሲጮህብን አንቺን ከኋላዬ አድርጌ የማልፈው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ከገዛ ራሴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መቀመጥ ፈራሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ በቅደም ተከተል መናገር ገና አላቃተኝም።

ሥራዬ ያው ነው። ከፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊነቴ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ለሳምንታዊው ጋዜጣ አዳዲስ ልብ ወለዶችን እያነበብኩ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ። የወንጀሉንም፣ የምስጢሩንም፣ ገዳይ ሳይኖርበት ሰው ሁሉ በትካዜ የሚያልቅበትን ቁም ነገረኛውንም። አሳታሚዎች በፖስታ ይልኩልኛል፤ እኔ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ አነባለሁ። አሠራሬን ታውቂዋለሽ፤ ስትስቂብኝ ኖረሻል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ባወቅሁበት ገጽ ዳር ላይ ማንነቱንና እንዴት እንዳወቅሁት በእርሳስ እጽፋለሁ። ከዚያ የኋላ ሽፋኑ ውስጥ ኮከቦቹን እስላለሁ። እስከ ገጽ መቶ ሳልይዘው ያመለጠኝ ገዳይ በጣት የሚቆጠር ነው። በዚህ እንዴት እንደምኮራ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አንድ መጽሐፍ መጣ። ግራጫ ሽፋን፣ የተዘጋ የአሳንሰር በር ሥዕል፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ደራሲ። ታሪኩ አሳንሰሩ በተበላሸ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። የላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ቤቷ ውስጥ ሞታ ትገኛለች፤ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ የማይጠይቃት ጎረቤት ግን አልነበረም። ገጽ ሃምሳ ላይ አከራዩን ጠረጠርኩ። ገጽ መቶ ላይ አከራዩን ለቅቄ የእህቷን ልጅ ያዝኩ። ገጽ ሁለት መቶ ስደርስ ሻይዬ ቀዝቅዟል፣ እርሳሴ ከጆሮዬ አልወረደም። መጨረሻ ላይ ገዳይዋ ያቺ መድኃኒቷን በየቀኑ ይዛላት የምትወጣዋ ደግ ፋርማሲስት ሆና ስትገኝ፣ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ጮህኩ። መጨረሻውን ዘርግፌ መንገሬ አይግረምሽ፤ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ። አምስት ኮከብ ሰጠሁት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት የሰጠሁት ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ብቻ ነው። “ይህን ደራሲ እስከ ዛሬ ሳናውቀው መቆየታችን ያሳፍራል” ብዬ ጽፌ ለአዘጋጁ ላክሁለት። በዚህ ቅዳሜ ይወጣል።

ትናንት ጠዋት ቀሚሴን ላሳጥር ምድር ቤት ወዳለችው ልብስ ሰፊ ወረድኩ። ታስታውሻታለሽ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምታወራዋ። እሷ ስትለካኝ እኔ ስለ መጽሐፉ ጀመርኩላት።

“አሳንሰሩ የተበላሸ አንድ ሕንፃ አለልሽ። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ…”

ቀና ብላ አየችኝና መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። “እትዬ፣ ይሄን እኮ አውቀዋለሁ። ፋርማሲስቷ አይደለች የገደለቻት?”

ተናደድኩ። “ማነው መጨረሻውን የነገረሽ? ከወጣ ወር እንኳ ያልሞላው መጽሐፍ!”

“እርስዎ ነዎታ! እኔ ደሞ መጽሐፍ የማነብበት ጊዜ የት አለኝና?”

“መቼ ነው የነገርኩሽ?”

“ቆየ እኮ፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ከእህትዎ ጋር የተጣላችሁ ጊዜ። እዚቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ‘የእህቴ ልጅ ጻፍኩ ብሎ’ እያሉ ከላይ እስከ ታች አወሩልኝ። በእርስዎ ወሬ ተይዤ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ አልነበር እንዴ!”

ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ቀሚሱን እዚያው ትቼላት ወጣሁ። ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፍኩ ነው የወጣሁት።

የልጅሽ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አለ። እሱን አልረሳሁም። ቢጫ ሽፋኑን፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ “ማንበብ ላስተማረችኝ አክስቴ” ብሎ መጻፉን፣ በጋዜጣ ላይ ሁለት ኮከብ መስጠቴን፣ አንቺ ደውለሽ “ልጄን በአደባባይ አዋረድሽው” ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ መዝጋትሽን፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ውስጡ ያለው ታሪክ ግን የለም። የነበረበትን ቦታ ስፈልገው ባዶ ነው። ቢጫውን በግራ፣ ግራጫውን በቀኝ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንድ ነው። ሁለተኛውም አንድ ነው። ርዕሱን፣ ሽፋኑንና የደራሲውን ስም ቀይረው እንደገና ያሳተሙት የልጅሽ መጽሐፍ ነው።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ብዙውን ብረሳው ማንም አይፈርድብኝም። ይህ ግን እህቴን ያሳጣኝ መጽሐፍ ነው። ይህን ከረሳሁ የማልረሳው ምን አለ? እማዬ ትዝ አለችኝ። ቁልፉን ዱቄት ውስጥ የቀበረች ጊዜ፤ አንዱን ወሬ በአንድ ምሳ ሦስት ጊዜ ስትነግረን እኔና አንቺ ጠረጴዛ ሥር እግር ለእግር እየተረጋገጥን ሳቃችንን ስናፍን። ምን እንደሚሰማት አንድ ቀን እንኳ ጠይቀናት አናውቅም። አሁን ልንገርሽ፣ ምንም አይሰማም። አያምም፣ አያዞርም። የሄደው ነገር አዲስ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ያን መጽሐፍ ባነበብኩባቸው ሦስት ቀናት እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ብታዪ! አሁን የሚያስፈራኝ ያ ደስታ ነው። ደስ ባለኝ ቁጥር ምን ጠፍቶብኝ ይሆን እያልኩ ልኖር ነው።

የከፋው ደግሞ ገና ነው። ቢጫውን ገጽ አርባ አንድ ላይ ገለጥኩት። የእርሳሴ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ አለ፦ “ፋርማሲስቷ። ልጁ ወጥ ቤቴ ውስጥ ድንች ሲልጥ ነግሮኛል።”

እንዲህ ነው የሚለው፣ ሚጡ። ጋዜጣው ላይ የጻፍኩትን ደግሞ አንቺ በቃልሽ ታውቂዋለሽ፦ “ደራሲው ገዳይዋን ሊደብቅ ሞክሯል፤ እኔ ግን ገጽ አርባ አንድ ላይ ያዝኳት።” ውሸቴን ነው። አልያዝኳትም። ልጅሽ መጽሐፉን ሳይጨርስ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ እጁ በድንች ልጣጭ እንደተሞላ፣ “አክስቴ፣ ለማንም እንዳትነግሪ” ብሎ በእምነት ነው የነገረኝ። ጽሑፉን ሳነበው ያ ቀን ተመልሶ መጣልኝ፤ ቢላዋው እንኳ የትኛው እንደነበር አስታወስኩ። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ገዳይዋን ገና ስትገባ ያውቃታል፤ ይህ ብልጠት አይደለም። ለምን አደረግሽው ብትዪኝ፣ ሰው “ለእህቷ ልጅ አዳላች” እንዳይለኝ ነው። ላለማዳላት ብዬ በደልኩት። በዚያ ላይ ጉራዬን ጨመርኩበት።

መጨረሻውን እንደማያውቅ ማንኛውም አንባቢ ሳነበው ግን አምስት ኮከብ ነው። አስለቅሶኛል። ልጅሽን በትክክል ያነበብኩት አእምሮዬ ሲከዳኝ ነው። መጽሐፉን በብዕር ስም አሳትሞ ሆን ብሎ አስልኮልኝ ከሆነ፣ ቅዳሜ ጋዜጣውን አይቶ “ሸወድኳት!” ብሎ ይስቃል። ይሳቅ፣ ደስ ይበለው። የምፈራው ሳቁ የሚቆምበትን ደቂቃ ነው። አክስቱ እንዴት ሳታውቀው እንደቀረች የሚገባውን ደቂቃ።

ዛሬ ጠዋት ለአዘጋጁ ደወልኩ።

“የቅዳሜውን ጽሑፍ አውጣው ልልህ ነበር፤ ተውኩት። ግርጌው ላይ ትንሽ ነገር ጨምርልኝ።”

“እሺ እትዬ፣ ይንገሩኝ፣ እየጻፍኩ ነው።”

አነበብኩለት፦ “ይህ መጽሐፍ ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ርዕስ ሲወጣ በዚሁ ዓምድ ሁለት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ያኔ መጨረሻውን ከደራሲው አፍ ሰምቼ ነበር፤ ለአንባቢ ግን ደበቅሁ። ፍርዴ ትክክል አልነበረም።”

ጎበዝ አዘጋጅ ነው፣ ቀዳዳውን ወዲያው አየው። “እትዬ… ታዲያ አሁን ሲያነቡት አላወቁትም እንዴ?”

“አላወቅሁትም። ረስቼዋለሁ።”

“ይሄንን እንኳ ባንጽፈው? ሰው ምን ይላል? ለእርስዎም…”

“ጻፈው። ከሥሩም የመጨረሻ ጽሑፌ ነው በልልኝ። የረሳ ሰው ኮከብ አይሰጥም።”

ምላሹን ሳልሰማ ዘጋሁት። እሱ እየሰማኝ ማልቀስ አልፈለግሁም። ከዚያ “ለአዘጋጁ ደውያለሁ” ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ከስልኩ በላይ ለጠፍኩት። እንዳልደግመው።

ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለውን ጽሑፌን ግን በላጲስ አላጠፋሁትም። ከሥሩ “ሁለተኛ ሳነበው አላወቅኋትም” ብዬ ጨመርኩበት። መጽሐፉን ለልጅሽ እሰጠዋለሁ፤ ይቅርታዬ እዚያ ውስጥ አለ። ለአንቺ ደግሞ ይኸው በግልጽ፦ ይቅር በዪኝ፣ እህቴ። ልጅሽ ቢከፋው እውነቱን ነበር፣ አንቺም ብትቆጪ እውነትሽን ነበር።

ሐኪም ዘንድ ለማክሰኞ ታኅሣሥ 10 ተቀጥሬያለሁ። ብቻዬን መግባት ፈራሁ። የሚሉኝን ሰምቼ በሩ ጋ ስደርስ ብረሳውስ? ነይልኝ። ይቅር ባትዪኝም ነይ፤ እያኮረፍሽም ቢሆን አጠገቤ ተቀመጪ። መንገዱ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ለሌላ ነገር አስቸግሬሽ አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ልተወው ብዬ ነበር። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ፖስታ ላወጣ መሳቢያውን ከፈትኩ። አምስት ፖስታ የያዘውን እሽግ ከአምስት ቴምብር ጋር የገዛሁት ትናንት ከምሳ በኋላ ነው። እሽጉ ተከፍቷል። ያሉት አራት ናቸው። ቴምብሩም አራት ነው። ልብስ ሰፊዋን ወርጄ ጠየቅኋት፤ “ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፖስታ ይዘው ሲወጡ ሰላም ብለውኝ አልፈዋል” አለችኝ። እኔ አላስታውስም፣ ሚጡ። ለማን እንደጻፍኩ አላውቅም። ከአንቺ ሌላ የምጽፍለት ሰው ግን የለኝም።

ስለዚህ እባክሽ፣ ይህ የደረሰሽ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሆነ መልስሽ አናት ላይ አምስት ኮከብ ሣይልኝ። ትናንት፣ ኅዳር 11 ቀን የተጻፈ ሌላ ደርሶሽ፣ ይህንኑ ሁሉ እንደ አዲስ ነግሬሽ ከሆነ ግን ሁለት አድርጊው። እህቴ ናት ብለሽ ኮከብ አትጨምሪልኝ።

ቤትሽ ሰላም፣ የልጅሽ ብዕር ለምለም ይሁን። የምትወጃቸውን ሁሉ እስከ መጨረሻው በየስማቸው የምትጠሪ ያድርግሽ።

የማትረሳሽ፣
እትዬሽ