ዘካሪያስን የገደለው ቅቤሽ አይደለም

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ፣ የጨንቻ ብርድስ እንዴት አደረገሽ፣ ላሚቱስ ትታለባለች ወይ እያልኩ በናፍቆት እጠይቅሻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጋሽ ገነነ፣ ይህን ወደ እኛ ቋንቋ እየመለስክ ለእማዬ የምታነብላት አንተ ነህና፣ እባክህ መጀመሪያ ታናሽ እህቴን ሙሉዬን ውኃ ቅጂ ብለህ ላካት። ልጅ ናት፣ ይህን አትስማ። ስትሄድ ቀጥል። በመሠረተ ትምህርት ራስህ ያስተማርከኝ ፊደል ነው፣ ቢጣመምም ታገሠኝ።

እማዬ ደክሞኛል። ባሌ አሸናፊ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም፣ ሆዴም ገፍቷል፣ ከገበያ ስመለስ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ሦስቴ እቀመጣለሁ፣ ጎረቤቶቼ የእርግዝና ነው ይሉኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ያንቺ ነገር ነው። ሸማ ሊሸጡ የወረዱ ሰዎች ነገሩኝ፣ ልጄን በእጄ አብልቼ ገደልኩት እያልሽ እህል እምቢ ብለሻል አሉ። ተይ እማዬ፣ እሺ በይኝ፣ ስሚኝ።

ወንድሜ ዘካሪያስ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምሽውን ቅቤ አውጥተሽ አበላሽው፣ የትኛዋ እናት ነች ለመስቀል እንዲህ የማታደርግ? በማግሥቱ ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ግን አማቱ ወርቄ በለቅሶው መሀል ተነስታ እንደ ሙክት አደለብሽና አረድሽው፣ ልጄን መበለት አደረግሻት አለችሽ። አንቺም አንገትሽን ደፋሽ፣ ይኸው እስካሁን አላነሳሽውም።

አሁን ባለፈው ለእርግዝናዬ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። እዚያ ያለው ድሬሰር ላቀው የጨንቻ ልጅ ነው፣ ዘካሪያስን ያውቀዋል፣ ነፍስ ይማር ሲለኝ አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ ቅቤውንም የወርቄንም ስድብ። እሱ ለፈረንጁ ሐኪም ነገረው። ፈረንጁ በላቀው አፍ ምን ይለኛል፣ ወንድምሽ ከተረከዙ በላይ ጅማቱ ላይ እብጠት ነበረው ወይ አለኝ። ነበረው እኮ እማዬ! ያ ጠንካራው፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሸማውን ዕቃ ሲረግጥ ነው ያበጠው የምንለው። አባዬም ነበረው፣ እሱም ሸማኔ ነበርና ምንም አላልንም። አባዬም ገና ጎልማሳ ሆኖ እንሰት ሲተክል ደረቴን ብሎ ቀረ። ያኔ እኮ ላም አልነበረንም፣ ቅቤ ገበያ ላይ ነበር የምናየው።

ላቀው እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ጉበት ራሷ ባለሙያ ሴት ናት አለ፣ ሆዳችን ውስጥ ተቀምጣ የራሷን ቅቤ ትንጣለች፣ ሰውነት ያለሱ አይሆንለትም። ከውጭ ብዙ ስንበላ ዛሬስ ሞልቶልኛል ትልና መናጡን ትቀንሳለች። የጤነኛ ሰው እንዲህ ነው፣ ስለዚህ የአንድ መስቀል ቅቤ ሰው አይገድልም አለ። የአንዳንድ ቤተሰብ ጉበት ግን በሯ ጠባብ ነው፣ ቅቤው ደጅ ተከምሮ አይገባላትም፣ ቤቱ ባዶ ነው ብላ ትንጣለች፣ ትንጣለች፣ ደም ውስጥ ይሞላል፣ የልብን ሥር ይዘጋል፣ የተረፈው ጅማት ላይ ያብጣል። ቢበላም ባይበላም ነው፣ መብላቱ ያባብስበታል እንጂ አያመጣውም። ከዘር የመጣ ነው አለኝ። ስለዚህ እማዬ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው፣ ለወርቄም ንገሪያት፣ ሕዝብ ፊት ንገሪያት።

ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ፈረንጁ እግርሽን አሳይኝ አለ። ላቀው እየሳቀ እሷ ሴት ናት፣ ሸማ አትሠራም አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሳቁን ተወው። ሁለቱ ብዙ አወሩ፣ እኔ ግን አልተተረጎመልኝም። መድኃኒት አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ እዚህ የለም፣ ቅቤና ጮማ ይቅርብሽ፣ ሸክምም ተዪ አሉኝ። ያው ለእርጉዝ የሚባል ነው።

ሙሉዬን ስታጥቢያት ከተረከዟ በላይ በእጅሽ ዳብሺያት። እንዳታስደነግጫት፣ እየተጫወትሽ ይሁን። ምንም ከሌለ ዝም በይ። ካለ ግን ከጋሽ ገነነ ጋር ወደ ላቀው ላኪያት፣ አትቆዪ።

ለአራስነቴ ያስቀመጥሽውን ቅቤም አታምጪው፣ ሽጪው፣ ካሻሽ ለወርቄ ሽጪላት። አንቺ ግን ብዪ፣ በርቺ፣ ጠንክሪ፣ ጉልበትሽ ያስፈልገኛል። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጠይቂና ሳልወልድ ድረሽልኝ፣ ባዶ እጅሽን ነይ። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቺን ጠረን ይልመድ፣ ያንቺን ጀርባ ይልመድ፣ ሲያለቅስ ባንቺ ድምፅ ዝም ማለት ይልመድ።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልን፣ ከልጅ ልጅ ጋር ያስረጅሽ፣ አሜን።

ልጅሽ