«አንድ ካርድ፣ አንድ ሕመም» ለሚለው ማስታወቂያዎ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የጤና ጣቢያችን ዋና ሐኪም፣
ባሉበት

በቅድሚያ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ዓይኖችዎ፣ ፍጹም ጤንነትን እየተመኘሁ፣ የእናቴ የቀንድ ማበጠሪያ ከአርባ ዓመት ቅን አገልግሎት በኋላ ባለፈው ወር ከሥራ መሰናበቱን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ጥርሱ ራሷን በነካ ቁጥር እሳት እንደ ነካት ስለምትጮህ ሌላ አማራጭ አልነበረንም።

ክቡርነትዎ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያስለጠፉት «አንድ ካርድ፣ አንድ ሕመም» የተሰኘው መመሪያ የዋለልንን ውለታ በአክብሮት እዘረዝራለሁ።

1ኛ. እናቴ ከጆሮዋ በላይ የሚወቅር ራስ ምታት ይዛ ቀረበችልዎ። ስለ መንጋጋዋ ልታክል ስትል «እማማ፣ እሱ በሌላ ካርድ ነው» ብለው በትሕትና አስቆሟት። እስከ ሰባ ሁለት ዓመቷ ራሷን አሟት የማያውቅ ሴት «ጭንቀት ነው» ተብላ ማስታገሻ ይዛ ተመለሰች። እርግጥ ከዚያ ወዲህ ተጨንቃለች፤ ምርመራዎ ጊዜውን ቀደመ እንጂ አልተሳሳተም።

2ኛ. መንጋጋዋ በሁለተኛው ካርድ ወደ ጥርስ ክፍል ተላከ። ጥቂት ስታኝክ ዳገት እንደ ወጣ ሰው እንደሚዝል ብታስረዳም፣ ባለሙያዎ «ወሬ ይቀንሱ እንግዲህ!» ብሎ ከቀለደ በኋላ አንድ ጤነኛ ጥርስ ነቀለላት። ሟቹ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነኝ ብሏል።

3ኛ. ትከሻዋ «እርጅና» ተባለ።

4ኛ. ዓይኗ ለአፍታ ጨልሞ ሲመለስ፣ ለመነጽር የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጣት። ዓይኗ ቀጠሮ አክባሪ ስላልሆነ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ግራው ጠፋ።

አራቱ ካርዶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ከርመው እርስ በርሳቸው ሰላም እንኳ አልተባባሉም።

ያን ዕለት ጠዋት ጩኸታችንን ሰምታ የመጣችው ጎረቤታችን ጸጉር ሠሪ ናት፤ ሱቋ ውስጥ ካርድ ስለሌለ አራቱንም ሕመም በአንድ ትንፋሽ ሰማች። ከዚያም ጣቷን ከእናቴ ቅንድብ ጎን አሳርፋ «እትዬ፣ ይኼ ደም ሥርሽ እኮ ገመድ ሆኗል! የአክስቴም እንዲህ ነበር፤ በይ ጫማሽን አድርጊ!» አለች። በትልቁ ሆስፒታል የተረኛዋ ሐኪም የራስ ደም ሥሮች ተቆጥተው እንዳበጡ፣ ቀኙም ዓይን በቀናት ውስጥ ሊከተል እንደሚችል ነግራን፣ የደም ውጤት ሳትጠብቅ መድኃኒቱን አስጀመረቻት። ቀኙ ተረፈ።

በሽታው ብርቅ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ዓይንም ብርቅ ነው፤ ለሰው የታደለው ሁለት ብቻ ነው።

ትናንት ማስታወቂያዎ ሥር አንድ አዛውንት መንጋጋቸውን በአንድ እጅ፣ ግንባራቸውን በሌላው ይዘው በየትኛው ካርድ እንደሚጀምሩ ሲያሰላስሉ አገኘኋቸው። መመሪያውን ማንሳት ክብርዎን የሚነካ ከሆነ፣ ከጎኑ ይህችን ብቻ ይለጥፉልኝ፦ ሃምሳ ያለፈውን ሰው አዲስ ራስ ምታት ካመመው ሲያበጥር፣ ሲያኝክና ሲያይ እንዴት እንደሚሆን በዚያው ወንበር ላይ ይጠየቅ። አዛውንቱን እኔ ወደ ሆስፒታሉ ሸኝቻቸዋለሁ፤ ወረፋዎን ስላቃለልሁ ምስጋና አልጠብቅም።

ከመደርደሪያዎ ፊት እጅ በመንሳት፣
የባለ አራት ካርዷ ልጅ

እርማት፦ በመግቢያው ማበጠሪያው ከሥራ ተሰናብቷል የተባለው ስሕተት ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ገበታው ተመልሷል። ከአገልግሎት የተሰናበተው የግራ ዓይኗ ነው። ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ይቅርታ የጠየቅነው እኛ ብቻ ነን።