ሰኞ ስላልመጣው መንጋና ስላልተቀደደችው ወረቀት

የካቲት 21 ቀን 2006 ዓ.ም.
ሜጋ

ለክቡር አቶ አዳነ ወንድይፍራው
የቆላ ከብት ጤና ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ነገሌ ቦረና

ጉዳዩ፦ በፈታኝ የሥራ ዓለም ቀናና ፕሮአክቲቭ ስለ መሆን የሰጡንን ሥልጠና በተግባር ማዋሌን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ እንዲሁም ለዱብሉቅ ከብቶች ክትባት ተገዝቶ በቢሮዎ ጥግ ለእንግዶች ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ፣ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አገር ናጋ ተባብሎ፣ ከብቱስ ሰላም ነው ወይ ካልተባለ ሰላምታው አለቀ አይባልም። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለእርስዎ ለማቅረብ ግን ድፍረት አጣሁ፤ ስለ ከብት በተጠየቁ ቁጥር የሚመልሱት በፐርሰንት ነውና።

ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ረስተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎ። ካውሰር ዓብዱልባሲጥ እባላለሁ። ነገሌ ተወልጄ ያደግሁ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስሆን፣ በፕሮጀክትዎ የሜጋ ጣቢያ የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያን ሆኜ ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ በተደረገው ግምገማ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ እርስዎ በተናገሩ ቁጥር ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ የነበረችው ሴት እኔ ነኝ። በዚያ መነቅነቄ ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ «ቀና አመለካከት ያላት ሠራተኛ» ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። እንዲህ ያለ ምስጋና ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ እኔም የማመሰግንዎትን በቁጥር ለይቼ አቅርቤአለሁ።

፩. በኅዳር ወር ነገሌ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስለሰጡን የሁለት ቀን ሥልጠና አመሰግናለሁ። «አይቻልም» የሚለውን ቃል በሩ ላይ ጥለን እንድንገባ ባዘዙን ጊዜ ሁላችንም ጥለን ገባን። በየማለዳው መስታወት ፊት ቆመን ለራሳችን ፈገግ እንድንልም አስተማሩን፤ ዱብሉቅ የምናድርበት ድንኳን መስታወት ስለሌለው እኔ በመኪናው ስፖኪዮ ስፈግግ ከርሜአለሁ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዳችን የፕሮጀክቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አደሉንና፣ ስለሚቀጥለው ወር የክትባት ዘመቻ የሚያስፈራንን ነገር እንድንጽፍ አዘዙን። እርስዎም በየወንበሩ እየዞሩ ከጻፍነው ሥር በአረንጓዴ እስክሪብቶ ፍርሃታችንን በቀና ቃል እየለወጡ ፈረሙልን፤ ቀጥሎም ወረቀቱን ቀዳደን እንድንጥለው አደረጉ። እኔ የመንገዱን አቧራ እፈራለሁ ብዬ ጽፌ ነበርና ቀደድሁት። አቧራው አልሰማም መሰለኝ እስካሁን አለ።

ከጎኔ የተቀመጠው አረሮ ነበር። አረሮ፣ እርስዎ «ፊቱ የማይፈታ» የሚሉት፣ በዱብሉቅ ኤላዎች፣ በጥልቆቹ የውኃ ጉድጓዶች፣ ዙሪያ አሥራ አንድ ዓመት ከብት ያከመ የቦረና ልጅ ነው። እርሱ የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከብቱ ውኃ የሚጠጣው በተራው ነው እንጂ በሰኞና በሐሙስ አይደለም። ሳንገናኝ ከቀረን ክትባቱ ሳጥን ውስጥ ይሞታል።» እርስዎም ከሥሩ «ክትባቱ ይሠራል፤ ምክንያቱም እኛ እናምናለን» ብለው ጽፈው፣ ያንን ጅራቱ የረዘመ ፊርማዎን አኖሩበት። አረሮ ግን አልቀደደም። በሰው ፊት የተጻፈ ነገር ለምን ይቀደዳል ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይህ ሰው ፍርሃቱን እንደ ልጁ ይወደዋል ብለው ሲቀልዱበት አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ።

፪. ስለ መርሐ ግብርዎ አመሰግናለሁ። ነገሌ ሆነው ሰኞና ሐሙስ ብለው ያወጡት መርሐ ግብር በጣም የሚያምር፣ በቀለም የተዋበ ነበር። በበጋ ወደ ዱብሉቅ የሚወርድ መንጋ አንድ ቀን ከጠጣ ሁለት ቀን ግጦሽ ላይ ውሎ ነው የሚመለሰው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያጠጣ የሚወስነው የኤላው ተራ አስከባሪ ነው፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። እኛ በምንሠራበት ኤላ አባ ሄሬጋው ኦቦ ጃታኒ ናቸው፤ ልንከትብ የሄድነውም የእርሳቸውንና የዘመዶቻቸውን መንጋ ነው። ኦቦ ጃታኒ የቀን መቁጠሪያ የላቸውም፣ ቀን ስተውም አያውቁም። እርስዎ ግድግዳዎን የሚያክል የቀን መቁጠሪያ አለዎት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ሄድን፣ መንጋው መጣ። ሐሙስ ሄድን፣ መንጋው መጣ። የከተብናቸውን ቀይ ቀለም ቀባን። ሰኞ የጠጣ ከብት ሐሙስ መመለሱ ተራው ስለደረሰ ነበር፤ እርስዎ ግን የቀና አመለካከት ፍሬ ነው ብለው ፎቶግራፋችንን ለበላይ አካል ላኩ። ከሐሙስ ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ቀን እሑድ መሆኑን በጣቱ ቆጥሮ የነገረዎት አረሮ ብቻ ነው። ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘህ ና አሉት። መፍትሔም ይዞ ነበር፤ እሑድ እንሥራ አለ። ያላረፈ ሠራተኛ ቀና ሊሆን አይችልም፣ እሑድ የዕረፍት ቀን ነው ብለው መለሱት። ስለ ዕረፍታችን ይህን ያህል የተጨነቀልን አለቃ ገጥሞን አያውቅም።

፫. ስለ ሁለተኛው ሰኞ አመሰግናለሁ። ያን ሰኞ የክትባት ሳጥናችንን በበረዶ ሞልተን ዱብሉቅ ስንደርስ መንጋው ትናንቱን ጠጥቶ ሄዷል። ኤላው ዘንድ የሌላ ሰው ግመሎች እንጂ የእኛ ከብቶች አልነበሩም። አረሮ ስልክ ደወለልዎ፤ ሲናደድ ኦሮምኛው ይቀድመዋልና «ሎኒ ሂንዱፍኔ» ብሎ ጀመረ፣ ከብቱ አልመጣም ማለቱ ነው። እርስዎም ወደ ሜጋ መመለስ ተስፋ መቁረጥ ስለሆነ ባላችሁበት ጠብቁ አሉ። ጠበቅን። ማክሰኞ በረዶው ውኃ ሆነ። ረቡዕ መንጋው ተራውን ጠብቆ ሲመጣ፣ ከስምንት ዲግሪ ማለፍ በማይገባው ሳጥን ውስጥ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ያሳይ ነበር።

አረሮ ይህ ክትባት ሞቷል፣ አልወጋም፣ ልድፋው ብሎ እንደገና ደወለ። ከሥራ እንደቀረ ትቆጠራለህ ብለውት ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ አዘዙ። ለእኔም በለሰለሰ ድምፅ «አንቺ ቀና ልጅ ነሽ፣ አንቺ አታሳፍሪኝም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ አላሳፈርኩዎትም። መርፌውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። መሞቱን እያወቅሁ፣ ቴርሞሜትሩን በዓይኔ እያየሁ፣ አንድ መቶ አርባ ሦስት ከብት ወጋሁ፤ በጀርባቸውም ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁ። ባለቤቶቹ ከብቱን ቀንዱን ይዘው እያቀረቡልኝ ይመርቁኝ ነበር። አረሮ ከግራሩ ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ሥራው ሲያልቅ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሠላሳ አንድ ብዬ ሞላሁ፤ ያን ቀን የሠራሁት ትክክለኛ ነገር ቢኖር እርሱ ብቻ ነው። እርስዎም በሪፖርትዎ መቶ በመቶ ብለው ጻፉ።

፬. ስለ ግምገማው አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት እዚያ ነውና። በጥር መጨረሻ ክትባቱ ይከላከለዋል የተባለው የከብት ሳንባ በሽታ ዱብሉቅ ደርሶ ሃያ ስድስት ከብት ገደለ። ከሞቱት መካከል ቀይ ቀለም ያለበት አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ሰማያዊ ነበሩ። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ኦቦ ጃታኒ በድኖቹ መካከል አንድ ዙር ዞረው አወቁት። የበላይ አካልም ሲጠይቅ ጊዜ፣ እርስዎ ሂስና ግለ ሂስ ይደረግ ብለው ሁላችንንም ነገሌ ሰበሰቡን።

በዚያ ስብሰባ ላይ የቀን መቁጠሪያው አልተገመገመም። ፍሪጁም አልተገመገመም። የተገመገመው የአረሮ ፊት ነው። አመለካከቱ አሉታዊ ነው፣ ሥልጠናውን አልተቀበለም፣ ፍርሃቱን እንኳ ለመቅደድ ፈቃደኛ አልነበረም ተባለ፤ ክትባቱም የተበላሸው በእርሱ ቸልተኝነት ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘና ከሥራ ተሰናበተ። ግለ ሂስ አቅርብ ሲባል ተነስቶ «እኔ አልወጋሁም» ብቻ ብሎ ተቀመጠ። ታዲያ ማን ወጋ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እርሱም ስሜን አልጠራም፣ ወደ እኔም አላየም። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

አሁን አረሮ ዱብሉቅ ነው ያለው። ከብቱን ሰብስቡ፣ ክትባት መጥቷል ብሎ በየደጁ የዞረው እርሱ ስለነበር፣ ሰው የሞተ መድኃኒት ያመጣብን እርሱ ነው ብሎ ያምናል። የሰደበው የለም፣ የመታውም የለም። ሲያገኙት ናጋ ይሉትና ዝም ብለው ያልፋሉ። ከብትህስ ሰላም ነው ወይ የሚለው ጠፍቷል። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ከብት ሲያክም ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በፐርሰንት ላስረዳዎት አልችልም። ባለፈው ሳምንት ሳገኘው፣ መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ አቅጣጫ መለወጥ መጀመሩን አየሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቂም ይዣለሁ። ቀና ሠራተኛ ቂም አይዝም ብለው ስላስተማሩን ይህን በመጻፌ ይቅርታ እጠይቅ ነበር፤ ግን አልጠይቅም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይደርሳል ብሎ ያስጠነቀቀው ሲደርስ እንደ ጥፋተኛ የሚባረርበት፣ እያወቀ የበደለ ደግሞ ፈገግ ስላለ የሚመሰገንበት ቦታ ላይ ከቂም የተሻለ ቀና ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ከራሴም ጋር ቂም ተያይዘናል፤ እርሱን እኔው እጨርሰዋለሁ።

ስለዚህ በሥልጠናዎ መሠረት ሳልታዘዝ ቀድሜ ተንቀሳቀስኩ። አረሮ ቤት ሄጄ ያችን ወረቀት ለመንኩት። ከመታወቂያው ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧት ነበር፤ አረንጓዴው ቀለም ምንም አልደበዘዘም፣ ፊርማዎም ጅራቱ ሳይጎድል አለ። ከዘመቻው በፊት ማስጠንቀቂያው እንደደረሰዎትና አንብበው እንደፈረሙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማንም ሊያዘጋጅልኝ አይችልም ነበር፤ ስላዘጋጁልኝ አመሰግናለሁ። ወረቀቷን ከሙቀት ቅጹ፣ ከመቶ በመቶው ሪፖርትና በእጄ ከጻፍኩት የእምነት ቃል ጋር አያይዤ ለፕሮጀክቱ የበላይ ቦርድ ከሦስት ቀን በፊት አስረክቤአለሁ፤ የተቀበሉበት ማኅተምም በእጄ ነው። ይህ ደብዳቤ የደረሰዎት ለወሬው የመጨረሻ እንዳይሆኑ በማሰብ ብቻ ነው።

ኦቦ ጃታኒ ዘንድም ሄጄ መርፌውን የወጋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። መሬቱን በበትራቸው ጫር አደረጉና፣ ይህ ለእኔ ብቻ የሚነገር አይደለም፣ ከብቱ ሲጠጣ ሰው ሁሉ ባለበት ይነገር አሉኝ። ስለዚህ ይህንኑ ደብዳቤ ኤላው ላይ ቆሜ በኦሮምኛ አነበዋለሁ፤ የእርስዎን አረንጓዴ ዓረፍተ ነገርም ጭምር። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት፣ ቀጥሎ የእርስዎን፣ በመጨረሻም የአረሮን ንጽሕና እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ እኔን ናጋ የሚለኝ ባይኖር የሥራዬ ነው።

የሥራ መልቀቂያ አላስገባሁም። ማባረሩን ለእርስዎ ትቻለሁ፤ በቃለ ጉባኤ ቀና ብለው ያስመዘገቡኝን ሠራተኛ ምን ብለው እንደሚያሰናብቱ ለማንበብ በጣም ጓጉቻለሁ።

ባስተማሩኝ ልክ ያደግሁ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶዎ የምምል፣ ሃያ ስድስቱን ከብቶች ባስታወስኩ ቁጥር ስምዎን የምጠራ አክባሪዎ፣

ካውሰር ዓብዱልባሲጥ
የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያን፣ እስከ ዛሬ

ግልባጭ፦
ለፕሮጀክቱ የበላይ ቦርድ
ለሜጋ ጣቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ «ፈገግ ይበሉ» ከሚለው ፖስተርዎ ሥር
ለአቶ አረሮ፣ ዱብሉቅ

ማሳሰቢያ፦ ንባቡ ላይ እንዲገኙ በአክብሮት ተጋብዘዋል። የኦቦ ጃታኒ መንጋ ትናንት ጠጥቷል፤ ንባቡ የሚደረገው ከትናንት በኋላ በአራተኛው የውኃ ቀኑ ነው። ሰኞ አይደለም፣ ሐሙስም አይደለም፤ ከዚህ በላይ ብነግርዎ መፍትሔ ይዘው እንዳይመጡ ማድረግ ይሆንብኛል። ቆጠራው ካስቸገረዎ አረሮን በስልክ ይጠይቁት፣ አይነፍግዎትም። ሲደውሉ ግን ናጋ ይበሉትና፣ ከብትህስ ሰላም ነው ወይ ብለው ይጀምሩ።