«ጆሮ» የሚለው ካርድ
የመምህርት አመተ ሥላሴ ገብረ ማርያም የሕይወት ታሪክ (1950–2011 ዓ.ም.)

መምህርት አመተ ሥላሴ ገብረ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ማርያም ውርጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ ሳህለ ጥር 7 ቀን 1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ተወለዱ። ዕለቱ የሥላሴ በዓል ነበርና ስማቸው ከዚያው ወጣ። አባታቸው በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ አንዲት የስፌት መኪና ይዘው የተቀመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታቸው ከጎናቸው ሆነው ቁልፍ ይተክሉ፣ ይዘመዝሙ ነበር። አመተ ሥላሴ እርሳስ ከመያዛቸው በፊት መቀስ መያዛቸውን ሲናገሩ ኩራታቸውን አይደብቁም ነበር።

በ1957 ዓ.ም. በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ እህታቸው ኤልሳቤት ተከተሏቸው። ኤልሳቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ወደቁ። መምህሩ አባታቸውን አስጠርተው፣ «ጋሼ ገብረ ማርያም፣ የዚች ልጅ ጭንቅላት አይቀበልም፤ ቤት ብታግዝ ይሻላታል» አሉ። አባት ከመምህር ጋር አይከራከሩምና ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ። በዚያው ወር የአባታቸው የስፌት መኪና ቆመ። የአሥር ዓመቷ ኤልሳቤት ብሎኑን ሁሉ ፈተው፣ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድረው፣ ጠርገው መልሰው ገጠሙት፤ መኪናው ሠራ። አመተ ሥላሴ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው አጠገባቸው ቆመው ያዩ ነበር። ያን ቀን ያዩትን ዕድሜያቸውን በሙሉ አልረሱም። ለራሳቸውም ቃል ገቡ፤ አስተማሪ ከሆኑ ከእርሳቸው ክፍል አንድም ሰው «አይገባኝም» የሚል ፍርድ ተሸክሞ ቤቱ እንዳይገባ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1969 ዓ.ም. አጠናቀው፣ በመምህርነት ሁለት ዓመት ሠልጥነው፣ በ1971 ዓ.ም. የቤት ኑሮ ሙያ መምህርት ሆኑ። በ1974 ዓ.ም. ከስፌት መኪና ጠጋኙ ከአቶ ሃብታሙ ጋር ትዳር መሠረቱ። አቶ ሃብታሙ የትምህርት ቤቱን መኪና ለመጠገን በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ተጠርተው ነበር። ሦስተኛውን ብልሽት የፈጠሩት አመተ ሥላሴ ራሳቸው መሆናቸውን አቶ ሃብታሙ እስከ ዛሬ ይናገራሉ፤ እርሳቸው ግን አንድም ቀን አላመኑም። በ1976 ዓ.ም. ልጃቸውን ኪዳነ ማርያምን ወለዱ።

ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካስተማሩ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. አብነት አካባቢ በሚገኝ የግል ማሠልጠኛ የልብስ ቅድና ስፌት መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በ2007 ዓ.ም. ማሠልጠኛው ይህንኑ ትምህርት በኢንተርኔት ለመስጠት ሲወስን አዘጋጅ እንዲሆኑ ተመደቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሰባት ነበር፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለ ኢንተርኔት ቤት ሁለት ወር ተመላልሰው ተማሩ።

የመጀመሪያው ሥራቸው ግን ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። አብዛኞቹ ተመዝጋቢዎች ሱቅ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ የሚማሩትም በስልካቸው፣ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ነው። ስለዚህ አመተ ሥላሴ በአቶ ጠይብ የክር መሸጫ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አሥራ አንድ ቀን የደንበኞችን መግቢያና መውጫ በእጅ ሰዓታቸው መዘገቡ።

«እትዬ አመተ፣ ደንበኛዬን የሚቆጥሩት ለግብር ነው?» አሏቸው አቶ ጠይብ።

«ለትምህርት ነው።»

«እንግዲያው ይቁጠሩ። ለግብር ከሆነ ግን ዛሬ ሰው አልመጣም ብለው ይጻፉልኝ።»

አንድ ደንበኛ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ አብዛኛውን ጊዜ አራት ደቂቃ ሆኖ አገኙት። ትምህርቱም አራት አራት ደቂቃ እየሆነ ተቆረጠ። ይህ አቆራረጥ አንድም ጊዜ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቀጥሎ የሠሩት ሥራ ግን ስሕተት ነበር፤ እዚህ እንዲጻፍ ያዘዙትም እርሳቸው ናቸው።

የኤልሳቤት ነገር ከልባቸው አልወጣምና፣ ሰው ሁሉ የሚማርበት የራሱ በር እንዳለው ያምኑ ነበር። አንዱ አይቶ፣ አንዱ ሰምቶ፣ አንዱ በእጁ ሠርቶ ይማራል ብለው አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጁ። በመልሱ መሠረት ለእያንዳንዱ ተማሪ «ዓይን»፣ «ጆሮ» ወይም «እጅ» የሚል ካርድ ሰጡ። ዓይን የተባለ ሥዕልና ጽሑፍ፣ ጆሮ የተባለ ድምፅ፣ እጅ የተባለ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠራ ልምምድ ብቻ ይደርሰው ጀመር። ከስልሳ አራት ተማሪዎች አርባ ዘጠኙ «ጆሮ» ሆነው ወጡ። ማሠልጠኛው በአሠራሩ ተደስቶ ለወደፊቱ የሚሆን ሦስት ሺህ ካርድ አሳተመ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሀጅራ ነበረች። ከስልጤ የመጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በሱቅ ጥልፍና ዳንቴል የምትሸጥ ሴት ናት። አራት ጓደኞቿ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ማኅበር ሊያቋቁሙ የእርሷን የብቃት ምስክር ወረቀት ይጠብቁ ነበር፤ ቦታዋም የተያዘላት እስከ መስከረም ብቻ ነው። ካርዷ «ጆሮ» ስለሆነ አርባ አንዱን የድምፅ ትምህርት በቃሏ ያዘች። እጅጌ እንዴት እንደሚቀደድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትሳሳት ትናገራለች። በምዘናው ቀን ግን ሁለቱንም እጅጌ የቀኝ አድርጋ ቀደደች። መዛኙ ልብሱን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «ይህን የሚለብሰው ሰውዬ ሁለት ቀኝ እጅ አለው?» ብሎ ጠየቃት። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ደግማ ተመዘነች፤ ደግማ ሁለት ቀኝ እጅጌ ቀደደች።

አመተ ሥላሴ አስጠሯትና የእጅጌውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። ሀጅራ ፊቷን አዞረች።

«ይቅርብኝ እትዬ። ሥዕል ለኔ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«አይገባኝማ። እኔ የጆሮ ነኝ።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

ሀጅራ ቦርሳዋን ከፍታ ካርዱን አወጣችና ሥዕሉ ላይ አስቀመጠችው። በላስቲክ አሽጋዋለች። «እርስዎ ነዎት ያሉኝ» አለች።

አመተ ሥላሴ ካርዱን አንሥተው አነበቡት። የኤልሳቤት መምህር በቃል የተናገሩትን እርሳቸው በካርድ አትመው ሰጥተዋል። በዚያው ቀን ስልሳ አራቱንም መጠይቅ አውጥተው ጥያቄ በጥያቄ መረመሩ። ሦስተኛው ጥያቄ «የማያውቁትን ቦታ እንዴት ያገኛሉ? በካርታ፣ ሰው ጠይቀው ወይስ ዞረው?» ይላል። መርካቶ ውስጥ ካርታ ይዞ ሱቅ የሚፈልግ ሰው የለም፤ ሁሉም «ሰው ጠይቄ» ብሏል። ሰባተኛው «የአዲስ ዕቃ ዋጋ እንዴት ያውቃሉ?» ይላል፤ ሁሉም «ጠይቄ» ብሏል። መጠይቁ የለካው የመርካቶን ጠባይ እንጂ የተማሪዎቹን አእምሮ አልነበረም። እጅጌ ደግሞ ለማንም ቢሆን ካልታየና ካልተዳሰሰ በጆሮ ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም።

የማሠልጠኛው ኃላፊ አቶ ጀማለዲን ነገሩን ሲሰሙ አላኮረፉም፤ ነገር ግን ሰጉ። «እትዬ፣ ትምህርቱን ቀስ ብለው ያስተካክሉት። ለተማሪ ተሳስተን ነበር ማለት ምን ይጠቅማል? ሦስት ሺህ ካርድ ታትሟል እኮ።»

«ዝም ብዬ ባስተካክለው ካርዱ ቦርሳቸው ውስጥ ይቀራል» አሉ አመተ ሥላሴ። «እኔ የምፈራው የቀረውን ሦስት ሺህ አይደለም፤ የሰጠሁትን ስልሳ አራቱን ነው።»

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስበው፣ መጠይቁን ከፊታቸው አንብበው፣ የት ላይ እንደተሳሳቱ አንድ በአንድ አስረዱ። ከዚያም ካርዱን እንዲመልሱ ጠየቁ። አንዲት ተማሪ፣ «ታዲያ እኛ ምን ነን ቲቸር?» ብላ ጠየቀች። «ልብስ ሰፊ ናችሁ» አሏት። ተሳቀ። ሃምሳ ስምንት ካርድ ያኔውኑ ተመለሰ፤ የቀሩትን ስድስቱን በየሱቁ እየዞሩ ራሳቸው ተቀበሉ።

ትምህርቱን እንደገና ሲያዘጋጁ ከእጅጌው ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ትምህርት ድምፅም፣ ሥዕልም፣ በእጅ የሚሠራ ነገርም አለው፤ ለሁሉም ሰው ሁሉም ይደርሰዋል፤ ተማሪው በፈለገው ይጀምራል። የድምፁና የሥዕሉ ክፍል በቴሌግራም ይላካል። በእጅ የሚሠራበት የወረቀት ቅድ በፖስታ ታሽጎ ከአቶ ጠይብ ሱቅ ይወሰዳል። ሀጅራ የመጀመሪያውን ፖስታ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ከፍታ፣ ወረቀቱን ክንዷ ላይ ጠቅልላ፣ ድምፁን እየሰማች ሥዕሉን ተመለከተች። የእጅጌው የፊት ጉብጠት ከኋላው ጠለቅ እንደሚል፣ ግራና ቀኙም በዚያ እንደሚለይ ያን ጊዜ አየች። «ለካስ እጄን ሳላማክር ነው የከረምኩት» አለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመዝና አለፈች፤ ከመስከረም በፊትም ማኅበሩ ውስጥ ገባች።

በ2009 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ሳምንታት ትምህርቱ አልቆመም። አመተ ሥላሴ በሚሞሪ ካርድ ጭነው ለአቶ ጠይብ ይሰጣሉ፤ ተማሪው ክር ሊገዛ መጥቶ ስልኩ ላይ ያስገለብጣል። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ትምህርቱን ጨርሰዋል። ያልገባው ተማሪ ሲያጋጥማቸው ይጠይቁ የነበረው፣ «የትኛውን ገና አልሞከርክም?» ብለው ነው።

ከጨረሱት አንዷ እህታቸው ኤልሳቤት ናቸው። ለማንም ሳይናገሩ ተመዝግበው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከማንም ጋር እኩል ተፈትነው አለፉ። አመተ ሥላሴ ምስክር ወረቀቱን ሲሰጧቸው፣ «አርባ ስምንት ዓመት ዘገየሽ» አሏቸው። ኤልሳቤትም፣ «አስተማሪ እየጠበቅሁ ነበር» ብለው መለሱ።

መምህርት አመተ ሥላሴ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ስምንት ወር በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በሕመማቸው ወቅትም ስለ ኮሌታ የሚያስተምሩ ስድስት ክፍሎችን አርመው ጨርሰዋል። ልጃቸው ኪዳነ ማርያም ምስክር ወረቀቶቻቸውን በቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ አይተው፣ «እነዚህን ሳጥን ውስጥ ተዋቸው። ታሪኬን ስትጽፉ ካርዱን ጻፉት» አሉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው የሰው ስሕተት በቀብሩ ዕለት ይነበባል ወይ ብለን ተነጋግረናል። በመጨረሻ የታዘዝነውን ፈጸምን። ከመኝታቸው በላይ ሦስት ዓመት ተሰቅሎ የኖረው፣ በላስቲክ የታሸገው የሀጅራ ካርድ በዚህ ጽሑፍ የኋላ ገጽ ላይ ታትሟል። «ጆሮ» የሚለውን የሰረዘው መስመር እርሳቸው በእጃቸው ያሰመሩት ነው።

ረቡዕ ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ሃብታሙ፣ ልጃቸው ኪዳነ ማርያም፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸው ኤልሳቤት፣ በየሱቁና በየማኅበሩ ያሉ ተማሪዎቻቸውም ከኋላቸው ቀርተዋል።

ልጃቸው ዛሬ የለበሱትን ጥቁር ኮት ሀጅራ ትናንት ሰፍታ አምጥታዋለች። እጅጌዎቹን ቀርባችሁ ተመልከቱ፤ ግራውም ቀኙም በየቦታው ነው።

ሰውን ሁሉ በየመልኩ የፈጠረ አምላክ፣ ማንንም አይችልም ብለው ያልመለሱትን የአመተ ሥላሴን ነፍስ በቅዱሳኑ ዕረፍት ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።